በሕፃን ጋሪ የተደበቀው ሳልሞን

ባለፈው ቅዳሜ ልጄ ህሊና ከስቶክሆልም ዳርቻ፣ ከዮርድብሩ መጥታ ስልኬን ይዛ ወጥ ቤት ጠረጴዛዬ አጠገብ ተቀመጠች። የአባቷን የዓሣ ዘንግ ይዤ ወደ ውሃው ልወርድ እንዳሰብኩ ሰምታ ነው የመጣችው። አሁን እዚህ አገር በጨው ውሃ ላይ ለመዝናናት እንደ ሳልሞን ያለ ዓሣ የሚያጠምድ ሰው አስቀድሞ በመንግሥት መዝገብ ላይ ስሙን ማስፈር አለበት። ከዚያ ምን እንደያዘ የሚጠይቅ መልእክት በስልኩ ይላክለታል።

«እሺ እማዬ፣ ፔሽኑመርሽን በይ» አለችኝ፤ የመታወቂያ ቁጥሬን። በቃሌ አውቀዋለሁ፤ ግን ከመናገሬ በፊት ሳቅና እንባ አንድ ላይ መጡብኝ።

«ምነው?»

«አንቺን አዝዬ የዋሸሁበት ቀን ትዝ ብሎኝ ነው።»

ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። ከባለቤቴ ከተሾመ ጋር ስቶክሆልም ከገባን ዓመት አልሞላንም፤ የመኖሪያ ፈቃድ መልሳችንን እየጠበቅን ነበር። ተሾመ የዝዋይ ልጅ ነው፤ ውሃ ሳያይ ቀኑ አይመሽለትም። ከተማው መሐል፣ የሐይቁ ውሃ ወደ ባሕሩ በሚወርድበት ድልድይ አጠገብ፣ ማንም ሰው በነፃ ማጥመድ እንደሚችል የሰማ ዕለት አገር የተሰጠው ያህል ደስ አለው።

ወሩ መስከረም ነበር። እኛ አገር አበባ በሚወጣበት ወር እዚህ ቅጠል ይረግፋል፤ ይህን እስከ ዛሬ አልለመድኩትም። ህሊና ጀርባዬ ላይ ተኝታለች፤ ጋሪዋ ባዶውን ቆሟል። ከቀትር በኋላ ተሾመ ክንድ የሚያህል ሳልሞን አወጣ። ገና በጋዜጣ እየጠቀለለው ሳለ፣ አንዲት ፀጉሯ የሸበተ ሴት ወረቀትና እስክሪብቶ ይዛ አጥማጆቹን አንድ በአንድ እየጠየቀች ስትጽፍ አየሁ።

አገር ቤት እያለን ወረቀት የያዙ ሰዎች በራችንን አንኳኩተው የቤተሰቡን ስም ጻፉ። በሳምንቱ ታላቅ ወንድሜን ወሰዱት፤ አልተመለሰም። ከዚያ ወዲህ ሰው ሲጽፍ ባየሁ ቁጥር መደበቅ ያምረኛል። ዓሣውን ከነጋዜጣው ነጥቄ ጋሪው ውስጥ አስተኛሁትና የሕፃኗን ብርድ ልብስ አለበስኩት።

«አንቺ ሴትዮ ምን ነካሽ? ዓሣ እንጂ ጥይት አልያዝንም!» አለኝ ተሾመ።

«ዝም በል! እንዲመዘግቡን ትፈልጋለህ?»

ሴትዮዋ ደረሰች። ፈገግ ብላ በእንግሊዝኛ፣ ቀስ እያለች፣ «ዛሬ ምን ያዛችሁ?» አለች።

«ምንም» አልኳት። ዜሮ ጻፈች።

ይሄኔ ብርድ ልብሱ ዘለለ። ለካ ዓሣው በቅጡ አልሞተም። ሴትዮዋ ጋሪውን አየች፤ ጀርባዬ ላይ ያለችውን ህሊናን አየች።

«መንታ ናቸው?»

ተሾመን በዓይኔ ለመንኩት። እሱ ግን መዋሸት አይሆንለትም።

«ሁለተኛው አሁን ነው የተወለደው» አለና ብርድ ልብሱን ገለጠው።

አለቀልን አልኩ። ሴትዮዋ ዓይኗን እስክትጠርግ ሳቀች፤ ሜትር አውጥታ ዓሣውን ለካች፤ ዜሮውን ሰርዛ አንድ ጻፈች። እኔ ግን መሳቅ አቅቶኝ «አሁን ከአገር ያባርሩናል?» ብዬ ጠየቅኋት።

ሳቋ ቆመ። ወረቀቱን ወደ እኔ አዙራ አሳየችኝ፤ የሰው ስም የለበትም።

«የምንፈልገው ዓሣውን ነው። ስንት እንደሚያዝ ካላወቅን ይቺ ልጅሽ ስታድግ የምትይዘው አይተርፍም። ደግሞ ምንም ካልያዛችሁ እሱንም ንገሩን፤ ባዶ እጅም መልስ ነው።»

ስለሚይዘው ዓሣ በየጊዜው በፖስታ ጥያቄ እንዲላክለት የሚፈልግ ስሙን ሊሰጥ እንደሚችል ነገረችን። ተሾመ ወዲያው ሰጠ። ወደ እኔ ስትዞር ራሴን በእምቢታ ነቀነቅሁ። አላስገደደችኝም፤ ትከሻዬን መታ መታ አድርጋ ሄደች።

ያን ማታ ሳልሞኑን ከጎረቤት ጋር በምንጋራው ወጥ ቤት በሎሚና በሚጥሚጣ ጠበስነው። ተሾመ እየበላ «መንታው ጣፈጠኝ» እያለ አበሸቀኝ። የበረዶው ክረምት ሳይወጣ ፈቃዳችን መጣ፤ የዓሣው ጥያቄም መጣ። ብዙ ዓመት በስሙ ሲመጣ ኖረ። ባዶ እጁን የገባባቸውን ቀናት ሳይቀር በጥንቃቄ እየሞላ ይመልስ ነበር። ካረፈ ስምንት ወሩ ነው።

ይህን ሁሉ ለህሊና ነገርኳት። ስልኩን አስቀምጣ «ካልፈለግሽ ይቅር እማዬ» አለችኝ።

«አይቀርም፤ ጻፊ» አልኳትና ቁጥሬን አንድ በአንድ ነገርኳት።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ድልድዩ አጠገብ ወረድኩ። ዘንጉ የእጁን ቅርፅ ይዟል። ሁለት ሰዓት ቆምኩ፤ ውሃው ምንም አልሰጠኝም፤ ግን ለማያውቃቸው ሰዎች ስሙን የሰጠው ያ ደፋር ሰው አጠገቤ የቆመ ያህል ተሰማኝ። ያቺን ሴትዮም፣ ዓሣውንም አመሰገንኩ።

ዛሬ ጠዋት ስልኬ ላይ ጥያቄው መጣ፤ ስንት ያዙ? መነጽሬን አድርጌ፣ በስሜ፣ ዜሮ ብዬ መለስኩ። በዚህኛው ዜሮ አልዋሸሁም።