የባሲሊያ ጥቁር ድንች

ባሲሊያ ኮልኬ በቡጢዋ የታወቀች ሴት ነበረች። በፖቶሲ ተራሮች በየዓመቱ በመስቀል በዓላቸው ቀን የላይኞቹና የታችኞቹ መንደሮች አደባባይ ወጥተው ይደባደባሉ፤ ወንድ ከወንድ፣ ሴት ከሴት። ደም ካልጠጣች መሬት ድንች አትሰጥም። የራስን ወገን መምታት ግን ነውር ነው፤ ያ ደም መሬቷን ይመርዛታል። ባሲሊያ የስንቷን ጥርስ እንዳረገፈች ቤት ይቁጠረው።

አንድ ዓመት ውርጭ ማሳውን ሁሉ ፈጀው። የተረፋት ከእናቷ የወረሰችው፣ ሲቆረጥ መሀሉ ሐምራዊ ቀለበት ያለው ጥቁር ድንች ብቻ ነበር፤ እሱም በእናቷ የዘር ከረጢት ያስቀመጠችው አሥራ አንድ ፍሬ። ከባሕር ማዶ አዲስ አዲስ ዘር ሊለቅም የመጣ ፈረንጅ ለመናት።

«ዘሬን ከምሰጥህ ዓይኔን አውጣ!» ብላ አባረረችው።

በበዓሉ ቀን ከታችኞቹ አንዷን ዘርራ ቀና ስትል፣ ፈረንጁ በቅሎው ላይ ሆኖ ድብድቡን ያያል። ትከሻው ላይ የእናቷ የዘር ከረጢት ተንጠልጥሏል። ታናሽ ወንድሟ ገርቫሲዮ አጠገቧ ቆሞ ይስቃል፤ የበቆሎ ጠላ ጠግቧል።

«አንተ! ከረጢቴን ማን ሰጠው?»

«እኔ ነኛ፣ እትዬ! ቢላዋ ሰጠኝ። እይው፣ ሲያበራ!»

«አንድ ፍሬ እንኳ አላስቀረህም?»

«ኧረ በናትሽ፣ ድንች እኮ ነው!»

አፉን አለችው። ከንፈሩ ተተረተረ።

«እኔ እኮ ነኝ! ወንድምሽ!»

ደገመችው። ሦስተኛው ቡጢ ወደ ኋላ ጣለው፤ ጭንቅላቱ የቤተ ክርስቲያኑን የድንጋይ ደረጃ መታ። ዳግመኛ አልተነሣም። አደባባዩ በጩኸት ሲናወጥ ድንጋይ ይዘንብ ጀመር፤ ፈረንጁ በቅሎውን ገርፎ ከነከረጢቱ ሸሸ። ለአንዲት ቢላዋ! እስከ ዛሬ ሳስበው ያንገበግበኛል።

ባሲሊያ ስድስት ዓመት ታስራ ወጣች። ከዚያ ወዲያ እጇን ለቡጢ አልጨበጠችም፤ በውርጭ ዓመት ሁሉ ግን መንደሩ የገርቫሲዮን ደም እያነሣ ይረግማት ነበር።

ጠጉሯ ከሸበተ በኋላ የግብርና ቢሮ መኪና ወደ መንደሩ መጣ።

«ውርጭ የማይበግረው አዲስ ዘር! ከውጭ የመጣ!» አለች ሠራተኛዋ፣ ለባሲሊያም አንድ ፍሬ ሰጠቻት።

ባሲሊያ የወንድሟን ቢላዋ ከጉያዋ አውጥታ ድንቹን ለሁለት ከፈለችው። ሐምራዊው ቀለበት ወለል ብሎ ታየ።

«እንዴት ነው እማማ፣ ወደዱት?»

«ድንቹን መልሰሽ ውሰጂው ልጄ፤ ገርቫሲዮን አምጪልኝ።»

ሠራተኛዋ ግራ ገብቷት ጎረቤቶቹን አየች። ሁሉም አንገታቸውን ደፍተው ነበር።