ለአባቴ የተሸከምኩት ጥቁር ጠጠር

ከአዲስ አበባ የተነሳሁት በማለዳ ነው። መድረሻዬ የተወለድኩባት ላሊበላ፣ ጉዳዬ ደግሞ የአባቴ ዓይን ነበር። መሪጌታ አባቴ በስልክ "ጥላ ጥላ ይለኛል እንጂ ደህና ነኝ" ይሉኛል። ዓይናቸው ጨርሶ ሳይጠፋ፣ ዓመታት ባሕር ማዶ የደከምኩበትን ነገር እንዲያዩልኝ ቋምጫለሁ።

ነገሩ አንዲት ጥቁር ጠጠር ናት፤ ሱፐርኮንዳክተር ይሏታል። ፈሳሽ ናይትሮጅን ውስጥ ስትበርድ የማግኔት ኃይል በጥቃቅን አዙሪቶች ሆኖ ውስጧ ይገባል፤ አዙሪቶቹም እዚያው ተቸንክረው ይቀራሉ። በዓይን አይታዩም። እኛ ሙዮን የሚባል ቅንጣት እንልክባቸዋለን። እንደ እንዝርት እየሾረ ይገባል፣ ወዲያው ይከስማል፤ ሲከስም ወዴት ዞሮ እንደነበር ያሳብቃል። እንጀራዬ ይኸው ነው።

ጋሸና

ወልዲያ ላይ መኪና ስቀይር ለመስኮት ወንበር እየተሽቀዳደምኩ ከአዲስ አበባ የያዝኩትን የናይትሮጅን ቴርሞስ ለጫኞቹ ትቼ ገባሁ። ጋሸና ሲወርድ ለካ አጋድመው አስረውታል፤ ባዶ! የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ ይኼ ግን ተንኖ ሄዷል፣ ምኑ ይለቀማል? ከብስጭቴ የተነሳ ምግብ ቤት ገብቼ ያዘዝኩትን ሽሮ ሳልነካው ገፋሁት።

"ምን ሆንሽ እህቴ?" አለች የምግብ ቤቷ ባለቤት። ነገርኳት።

"ያ የሚያጨሰው ነገር? ላም አዳቃዩ ዘንድ አለ እኮ!"

እውነቷን ነው፤ የኮርማ ዘር የሚቆየው በዚሁ ናይትሮጅን ነው። ሮጥኩ።

አዳቃዩ ወሬ የማይወድ ሰው ነው። የእንጨት ማስመሪያ ወደ ዕቃው ውስጥ ሰደደ፤ ሲያወጣው አመዳዩ የት እንደደረሰ አየና ራሱን ነቀነቀ።

"ትንሽ ናት እህቴ። ይቺ ካለቀች ዘሩ ሁሉ ይበላሻል።"

ስለ አባቴና ስለ ጠጠሯ ነገርኩት። ማስመሪያውን እንደገና ሰደደ፤ እስከዚያ ይጨምር ይመስል።

"በይ ቴርሞስሽን አምጪ። ቀና አድርገሽ ያዢው ታዲያ! ጓንቴንም ውሰጂ፣ ስትመለሺ ትሰጪኛለሽ።"

ላሊበላ

ያንን ጠመዝማዛ መንገድ ቴርሞሱን እንደ ሕፃን ታቅፌ ጨረስኩት። አባቴ በር ላይ ቆመው ይጠብቁኛል። ልስማቸው ስጠጋ እጃቸው አየሩን ዳሰሰ፤ ፊቴን ፈልገው አገኙት።

"አባባ! ከመቼ ጀምሮ?"

"ከፋሲካ በፊት ነው ልጄ። ሰው አገር ብቻሽን ሆነሽ ለምን ይጭነቅሽ ብለን ነው።"

እናቴ አንገቷን ደፋች። እኔ አለቀስኩ፤ ተናደድኩም።

"ይልቅ ያ አዙሪትሽ የታለ?" አሉ አባቴ።

"ምን ያደርጋል? እንዴት ሊያዩት?"

"አንቺስ አይተሽዋል?"

"አላየሁትም።"

"ታዲያ! እኔም እንዳንቺ እጄን ልላክበታ።"

ጠጠሯን ሳህን ውስጥ ከታች፣ ይዤው የመጣሁትን ማግኔት ከላይ አድርጌ፣ መሃላቸው ስንጥር አስገብቼ ናይትሮጅኑን አፈሰስኩ። ጉሙ ሳህኑን ሞላው። ስንጥሩን መዘዝኩት። አባቴ ጓንቱን አጥልቀው ማግኔቱን ወደ ላይ ሲያነሱት ጠጠሯ ሳትነካው ከሥሩ ተንጠልጥላ ተነሳች። እናቴ ከስፌቷ ስንደዶ መዝዛ አቀበለቻቸው፤ በመሃል አሳለፉት።

"እዚህ ምንም የለም" አሉ። ማግኔቱን ወዝወዝ አደረጉት፤ ፊታቸው ተለወጠ። "ግን ከሥር የሚጎትተኝ አለ! በስመ አብ! አለ እኮ ልጄ፣ አለ!"

ጠጠሯ ሞቃ እስክትወድቅ ድረስ ማግኔቱን አልለቀቁም።

መልስ

ለአዳቃዩ ጓንቱን ከላስታ ማር ጋር አደረስኩለት። ጠጠሯ ያዘችላቸው ወይ ብሎ ጠየቀኝ፤ ያዘች አልኩት።

አዲስ አበባ ገብቼም አንድ ነገር ይከነክነኛል። የማይታይ አዙሪት ስመረምር የኖርኩት እኔ፣ አባቴ "ደህና ነኝ" ሲሉኝ ድምፃቸውን አልመረመርኩም። አሁን ስደውል "ደህና ነዎት?" አልልም። "ዛሬ ቤተ ክርስቲያን ማን መርቶ ወሰደዎት?" እላለሁ። ከዚያ ድምፃቸውን አዳምጣለሁ።