ስምንት ሳምንት የቆየው ትርዒት

ኮሮና የገባ ጊዜ ዳውንታውን የምሠራበት ካዚኖ ሲዘጋ፣ ሴንቴኒያል ሂልስ በሚባል ሰፈር አንድ ክፍል ተከራይቼ እኖር ነበር። የቤቱ ባለቤት ሚስታቸው የሞቱባቸው፣ በሰማንያዎቹ በስደት የመጡ የሰባ አምስት ዓመት ሰው ናቸው። ሁለት ዓመት ስንኖር ከሰላምታ ያለፈ አናወራም ነበር። ሁለታችንም ቤት መዋል ስንጀምር ግን ዝም መባባሉ አልሆነልንም።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ቴሌቪዥኑ የድሮ ጥቁርና ነጭ ትርዒት ያሳያል፤ አንድ ሰውዬ ሳህን በዘንግ ላይ ያሽከረክራል። ድንገት አጠፉት።

«ምነው ጋሼ?»

«እኔም እንዲህ ያለ ነገር ውስጥ ነበርኩ» አሉ።

ቴሌቪዥን አዲስ አበባ በገባ ሰሞን ዘፈን፣ ቀልድና ምትሃት እየቀላቀለ በቀጥታ የሚተላለፍ ሳምንታዊ ትርዒት ነበር። እሳቸው በአሥራ ዘጠኝ ዓመታቸው፣ በአንዲት ጠባብ ስቱዲዮ ውስጥ ብስክሌት ወደ ኋላ ይነዱ ነበር። በስድስተኛው ሳምንት ጎማው የካሜራው ገመድ ላይ ወጣና ወደቁ፤ መጋረጃውንም ከነብረቱ ዘፋኞቹ ላይ ጣሉት። ከኀፍረታቸው የተነሳ ተመልሰው አልሄዱም። ከሁለት ሳምንት በኋላ ትርዒቱ ቀረ።

«እኔ ነኝ ያስዘጋሁት» አሉኝ። «ይህንን ለሚስቴም ነግሬያት አላውቅም።»

ኢንተርኔት ላይ ፈለግሁ፤ ምንም የለም። ነገሩን ለሥራ ባልደረባዬ በስልክ ሳጫውታት፣ «የእናቴ አክስት እኮ እዚያ ይዘፍኑ ነበር! አሁን ዴንቨር ናቸው» ብላ ቁጥራቸውን ላከችልኝ። ጋሼ ግን «ምን ብዬ?» እያሉ ወራት አሳለፉ።

በ2021 መጀመሪያ ክትባት ላስወጋቸው ወሰድኳቸው። ከተወጉ በኋላ መኪና ውስጥ አሥራ አምስት ደቂቃ ቆዩ ተባልን። ፓርክ አድርገን እንደተቀመጥን፣ «እስቲ ደውዪላት» አሉ። ስፒከር ላይ አደረግሁት።

«ያ ብስክሌት ነጂው ነኝ፣ ካስታወሱኝ።»

«ወደ ኋላ የምትነዳው! ረጅሙ ልጅ!» አሉ ሴትየዋ። «ደግሞ እርስዎ ትለኛለህ? ይኼን ያህል አረጀሁ?»

«የወደቅሁ ዕለት፣ መጋረጃው እናንተ ላይ...»

«የቱ መጋረጃ?»

ጋሼ ከመጀመሪያው ጀምረው ተረኩላቸው። ሴትየዋ ምንም አላስታወሱም።

«ትርዒቱ የቀረው አዘጋጁ ለትምህርት ውጭ አገር ስለሄደ ነው እኮ። ሽኝቱ ላይ አልነበርክም?»

ስልኩ ሲዘጋ እፎይ ይላሉ ብዬ ጠብቄ ነበር። እሳቸው ግን ፊታቸው ጠቁሮ የፊት መስታወቱን አሻግረው ያያሉ።

«ሃምሳ ምናምን ዓመት ተሸከምኩት» አሉ። «መጋረጃ የወደቀባት እንኳ አታስታውሰውም።»

ሬዲዮ ከፍቼ ወደ ቤት ነዳሁ።

በሳምንቱ ሴትየዋ ራሳቸው ደወሉ። ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ ያወሩ ጀመር። በጋ ላይ ካዚኖው መልሶ ሲጠራኝ ለሥራዬ ቅርብ የሆነ ቤት አገኘሁ። ዕቃዬን እየሸከፍኩ ሳለ የጋሼ ድምፅ ከሳሎን ይሰማኛል። አወዳደቃቸውን ለሴትየዋ በስልክ እንደ አዲስ እየነገሯቸው ነበር። በዚህኛው ትረካቸው ካሜራውም አብሮ ወድቋል።