ቅቤ የተቀባው ዋርካ

ኦቦ ጋሮማን የመንደራችን የጉቴ ሰው «የምንጩ ሽማግሌ» ይላቸዋል። ሱቄ ከቤታቸው ፊት ለፊት ስለሆነ እኔ ከማንም በላይ አውቃቸዋለሁ፤ እንደሳቸው ያለ ችኮ ሰው አላየሁም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባል የለ? እሳቸው የያዙት ምንጭ ነው።

ምንጩ ከመንደሩ በታች፣ አንድ ትልቅ ዋርካ ሥር ነበር። ቧንቧችን ከሚመጣበት ቀን የሚጠፋበት ስለሚበዛ፣ መንደሩ በሙሉ፣ እኔም ጭምር፣ የምንቀዳው ከዚያ ነው። ኦቦ ጋሮማ ዕድሜያቸውን የጨረሱት በችግኝ ጣቢያ ዘበኝነት ነው። ጡረታ ሲወጡ ምንጩ ላይ ተተከሉ። በእሾህ ያጥራሉ፣ ደለል ይጠርጋሉ፣ ከብት ያባርራሉ። ክረምት በመጣ ቁጥር ሹማምንቱ ቲሸርት ለብሰው ይመጡና ችግኝ ተክለው፣ ፎቶ ተነስተው ይሄዳሉ፤ ችግኙን ሳይውል ሳያድር ፍየል ይበላዋል። እኔን የሚያበግነኝ ፍየሉ አይደለም። በዓመቱ እዚያው ጉድጓድ ላይ ደግመው መትከላቸው ነው።

መብራት እየጠፋ ከሰል ሲወደድ፣ ከሰል አክሳዮች ዋርካው ላይ ዓይናቸውን ጣሉ። መጀመሪያ ቅርንጫፉን መለመሉ፣ ቀጥሎ እንዲደርቅላቸው ግንዱን መላጥ ጀመሩ። ኦቦ ጋሮማ ቀበሌ ሄደው ቢጮሁ «ኮሚቴ ይቋቋማል» ተባሉ። ኮሚቴው ተቋቋመ፣ አንድ ቀን ሻይ ጠጣ፣ በዚያው ጠፋ።

አንድ ቀን ሱቄ መጥተው ለጋ ቅቤ ጠየቁኝ። ሚስታቸው ከሞተች ወዲህ ቅቤ ገዝተው አያውቁም።

«ለማን ነው፣ ኦቦ ጋሮማ?»

«ማሎ ነስሪን፣ እባክሽ አፍሽን ያዢልኝ» አሉና ነገሩኝ። ድሮ አያቶቻቸው ዋርካ ቅቤ ቀብተው ይለምኑ ነበር፤ ቅቤ በተቀባ ዛፍ ላይ መጥረቢያ የሚያነሳ አልነበረም። ዛሬ አገሩ ጴንጤ ሆኖ ልመናው ቀርቷል፣ ፍርሃቱ ግን ከሰው ሆድ አልወጣም። እናም ሰው ሳያያቸው ግንዱን ሊቀቡት ነው። ጉዱ ምን መሰላችሁ፣ እሳቸው ራሳቸው የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ናቸው። ለእኔ የነገሩኝም ሙስሊም ስለሆንኩ ነው፤ ለገዛ ምእመናቸው እንዴት ብለው ይተነፍሱታል?

«ይሄ ነገር ዞሮ እርስዎኑ ይበላል» አልኳቸው። ሳቁብኝ። ቅቤውንም ሸጥኩላቸው፤ ምን ላድርግ፣ ነጋዴ ነኝ።

እውነቱን ለመናገር ሠርቶላቸው ነበር። ከሰል አክሳዮቹ ግንዱ ሲያብረቀርቅ አይተው ፊታቸውን ወደ ሌላ ሰፈር አዞሩ። ችግሩ ግን፣ ነገሩ ከእጃቸው ወጣ። ልጅ አልወልድ ያላት አንዲት ሴት እውነት መስሏት ጨሌ አንጠለጠለችበት። ሌላዋ ጠላ አፈሰሰችለት። ወሬው ቤተ ክርስቲያን ደረሰና ሽማግሌዎቹ ተሰብስበው «ይህን ጣዖት ያመጣው ሰው ተጣርቶ በጉባኤ ፊት ይቁም» ብለው ወሰኑ። ኦቦ ጋሮማም እዚያው ተቀምጠው ከሌሎቹ ጋር እጃቸውን አወጡ። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ማለት ይሄ ነው።

ቤታቸው ሲገቡ ግን ሆዳቸው አልቻለም፤ ለልጃቸው ለኢቢሳ ነገሩት። ኢቢሳ የመዘምራኑ መሪ ነው፣ አባቱን እንደ ዓይኑ ብሌን የሚያይ ጨዋ ልጅ። አንድ ክፉ ቃል አልወጣውም። አባቱ ለቅሶ ሊደርሱ ነቀምቴ የሄዱ ዕለት፣ ሞተር መጋዝ ተከራይቶ ዋርካውን መቁረጥ ጀመረ።

ድምፁን ሰምቼ እየሮጥኩ ወረድኩ። «አንተ ልጅ፣ አብደሃል?» አልኩት።

«አዴ ነስሪን፣ ዛፉ ከሌለ ማን ቀባው ብሎ የሚጠይቅ አይኖርም» አለኝ። «አባቴ በስተርጅና በሰው ፊት ሲዋረድ ከማይ ዛፉ ይውደቅ።» እንባው ይወርዳል፣ መጋዙን ግን አላቆመም።

እንዳለውም ሆነ፤ የጠየቀ የለም። ምእመኑ መጥቶ ጉቶው ላይ ዘመረ። ኦቦ ጋሮማ ከነቀምቴ ሲመለሱ፣ የቆረጠው ልጃቸው መሆኑን የነገርኳቸው እኔ ነኝ። የሱቄን በር ይዘው ቆመው ቀሩ።

ከዚያ ወዲያ ማን ይፈራል? ከሰል አክሳዮቹ ተመልሰው በምንጩ ዙሪያ የቀሩትን ዛፎች ጨረሱ፤ የዋርካው ሥር እንኳ ለማገዶ ተነቀለ። ከብቱም እንዳሻው ገባ። ክረምቱ ያንን ራቁቱን የቀረ አፈር ጠርጎ ምንጩ ውስጥ ሞላው። በጋው ሲገባ ውሃው ጠብ ጠብ ማለት ጀመረ፣ ከዚያም ተወ። አሁን የምንቀዳው መኪና ከሚታጠብበት ወንዝ ነው፤ የመንደሩ ሕፃን ሁሉ ሆዱን ያመዋል። ብሽቅ ነው የምለው፣ ግን በማን እበሽቃለሁ?

ትናንት ወርጄ አየኋቸው። አባትና ልጅ ምንጩ የነበረበት ጉድጓድ ውስጥ ገብተው ይቆፍራሉ፤ ሽማግሌው በዶማ፣ ኢቢሳ በአካፋ። አንጀቴን በሉኝ።

«ኦቦ ጋሮማ፣ ይብቃዎት እንግዲህ» አልኳቸው።

ዶማውን ተደግፈው ቀና አሉ። «የቆረጠው ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ» አሉኝ፣ ኢቢሳ እየሰማ፣ «እጣላው ነበር።»

ልጁ አቀርቅሮ አፈር ማውጣቱን ቀጠለ። የሚያወጣው አፈር ድርቅ ያለ ነው።