ጨው የሌለው የቡና ቅጠል

ሐኪሙ የደም ግፊት አለብዎት ሲለኝ ክኒኑን ያለ ክርክር ተቀበልኩ። ጨው ይተዉ ሲለኝ ግን ተከራከርኩ። ጠዋት ጠዋት የምጠጣው ነገር ነበረኝ።

አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ሰፈር፣ በምኖርበት ግቢ ቀኑ የሚጀምረው በዘነዘና ድምፅ ነው። ስድሳ ዓመት የተጠጋት ጎረቤቴ ከጨንቻ ደጋ የወረደች ሴት ናት። እርጥቡን የቡና ቅጠል ከነጭ ሽንኩርት፣ ከዝንጅብል፣ ከሚጥሚጣ፣ ከኮሰረትና ከጤና አዳም ጋር ወቅጣ፣ ጨው ጣል አድርጋ በሸክላ ማሰሮ ታፈላዋለች፤ የግቢው ሰው በሯ ላይ ተሰብስቦ ይጠጣል። መጠጡን በጋሞኛ ሃይታ ቱኬ ይሉታል። ፍሬውን ለገበያ ሰጥቶ ቅጠሉን የሚጠጣ ሰው የሚያሳዝናቸው የከተማ ሰዎች አሉ። እኔን የሚያሳዝኑኝ ፍሬውን የሚጠጡት ናቸው።

በዚህ ዘመን ቅጠል መጠጣት ፋሽን ሆኗል። ካፌው ሁሉ የሽፈራው ሻይ ያቀርባል፤ በየሱቁ የተደረደረው ፓኬት ከስኳር በሽታ እስከ እንቅልፍ ማጣት የማያድነው የለም። አርባ በሽታ አድናለሁ የሚል ቅጠል አንዱንም አያድንም ብዬ ስከራከር ኖሬያለሁ። የጎረቤቴን ቅጠል የምጠጣው ስለሚጣፍጥ ነው። ሚጥሚጣው ጉሮሮዬን ይከፍተዋል፤ ሆዴ ሲሞቅ ዓለምን ለመታገሥ የሚበቃኝን ያህል ደግ እሆናለሁ። ከዚህ በላይ ጤና የት አለ?

ከጤና ጣቢያው እንደወጣሁ ሄጄ ነገርኳት።

«እትዬ፣ ጨው ተከልክያለሁ። ማሰሮው ውስጥ ጨው ካለ ከነገ ጀምሮ አልመጣም።»

«ለዚህ ነው እንዲህ የጠቆርከው? ይቀራላ! ጨው ምን ቁም ነገር ነው።»

በማግስቱ ቀመስኩት። ጨው ጨው አለኝ።

«ኮሰረቱ ነው» አለችኝ ዓይኔን እያየች። «ከደጋ የመጣ አዲስ ኮሰረት ነው፤ እንዲህ ያደርጋል።»

ምላሴ አንድ ነገር ነገረኝ፣ እሷ ሌላ። እሷን አመንኩ። ባለሥልጣን የተናገረውን ሁሉ ገልብጬ የማነብ፣ መጽሐፍ እንኳ ከመጨረሻው ገጽ የምጀምር ሰው፣ በኮሰረት አመንኩ። ለዓመታት በሯ ላይ ቁጭ ብዬ ጠጥቻለሁ። ሰው በአንድ ቦታ እንኳ መጠራጠር ካላቆመ የት ያርፋል?

ግፊቱ አልወረደም። ሐኪሙ ክኒኑን ጨመረልኝ። ሁለተኛ ጊዜም ሊጨምር ሲል ብዕሩን አቆመ።

«ጨው በእርግጥ ትተዋል?»

«ዶክተር፣ አፌን ከእርስዎ ይልቅ እኔ አውቀዋለሁ።»

«እንዲህ ከቀጠለ ኩላሊትዎ ነው የሚከፍለው» አለኝ። ተቆጥቼ ወጣሁ። በማግስቱ ጠዋት ለጎረቤቶቼ የጤና ጣቢያው ግፊት መለኪያ እንደተበላሸ ተናገርኩ።

«ማሽኑ ነው፣ መምህር!» አለ የግቢያችን ባለባጃጅ ጭኑን እየመታ። «ማሽኑ ነው እንጂ እርስዎማ ምን ሆነው!»

ሁሉም ሳቁ። ከእኔ ጋር የሳቁ መስሎኝ እኔም ሳቅሁ።

አንድ ቅዳሜ ቀደም ብዬ ነቃሁና ዘነዘናው ሳይቆም ሄድኩ። የማድ ቤቱ በር ክፍት ነው። ጎረቤቴ ከጣሳ በሦስት ጣቷ ዘግና ማሰሮው ውስጥ በተነች። ከላንቴ ሙዝ እያመጣች የምትነግደው ሴትና ባለባጃጁ በሩ አጠገብ ተቀምጠዋል። ነጋዴዋ አየችኝ።

«ኧረ ጣሳውን ደብቂ፣ መምህር መጡ!»

ባለባጃጁ ሊስቅ ጀምሮ ፊቴን ሲያይ ተወው። ያን ጊዜ ነው የገባኝ፤ ሁሉም ያውቁ ነበር። በየጠዋቱ ከጎኔ ተቀምጠው ስጠጣ እያዩኝ።

«ጨው ማስገባት እንደገና የጀመርሽው መቼ ነው?» አልኳት ጎረቤቴን።

«መች አቆምኩና።»

«አንድ ቁንጥር ናት፣ መምህር» አለች የሙዝ ነጋዴዋ። «ቁንጥር ሰው አትገድልም።»

«አንቺን አልጠየቅኩም።» ወደ ጎረቤቴ ዞርኩ። «ለእኔ በትንሽ ድስት ለብቻ ማፍላት ይህን ያህል ከበደሽ?»

ጣሳውን ከደነች። እጇን በቀሚሷ ጠረገች።

«ለብቻ አልቀዳም» አለች። «እናቴ ሸክላ ሠሪ ነበረች። ማሰሮውን ከእጇ ይገዟታል፤ በማሰሮው የፈላውን ግን ከሰው እኩል ተቀምጣ አትጠጣም። ደጅ ላይ፣ በተሰነጠቀ ቅል፣ ለብቻዋ ነበር የሚቀዱላት። አይቼ ነው ያደግኩት። በቤቴ ለማንም ሰው ለብቻ አልቀዳም።»

«ታዲያ የሁሉንም ያለ ጨው አታፈዪውም ነበር?»

«ያለ ጨውማ ማን ይመጣል?»

ሌላ ሰው ቢሆን ይህን ሰምቶ ያለቅስ ነበር። እኔም ልቤ ተነክቶ ነበር፤ አልክድም። ግን ቤቴ ገብቼ በሩን ከዘጋሁ በኋላ ሳስበው፣ ይህ ሁሉ በመጀመሪያው ቀን ሊነገረኝ የሚችል ነገር ነው። ብትነግረኝ ኖሮ ባዶ ስኒ ይዤም ቢሆን ከእነሱ ጋር እቀመጥ ነበር። እሷ ግን መረጠችልኝ። የእናቷን ክብር በእኔ ኩላሊት አስከበረች፤ እኔንም ሳታማክር። ምክንያቷ ያማረ መሆኑ በደሉን አያሳንሰውም፤ እንዲያውም መቆጣት እንኳ ነሳኝ።

ሰኞ ጠዋት በኤሌክትሪክ ምድጃዬ ላይ ጦስኝ አፈላሁ። ለሳል ጥሩ ነው ይላሉ፤ ሳል የለብኝም። ሽታው ግን ደጋውን ቤቴ አመጣው፤ ጣዕሙም፣ እውነቱን ለመናገር፣ ከጠበቅኩት በላይ ነበር። ዘነዘናው ቆመ። ከግቢው ማዶ ድምፅዋ መጣ፣ ምንም እንዳልሆነ።

«መምህር! ደርሷል!»

«ጠጥቻለሁ፣ እትዬ።»



«ምን ጠጣህ?»

«ጦስኝ።»

«ከማን ጋር?»

የቀረውን ጦስኝ ለራሴ ቀዳሁ። እሷም ደግማ አልጠራችኝም።