አራት ጣት የሚያስገባ መረብ

ሰመራ የገባሁት በዓሣ ሀብት ጀማሪ ባለሙያነት ተቀጥሬ ነው። በመጀመሪያው ቀን አለቃዬ አቶ ግርማ የብረት ማስመሪያ፣ ሚዛንና ቅጽ ሰጥተው አዋሽ ወንዝ ተገድቦ ወደተፈጠረው ሐይቅ ላኩኝ። እኔ የደብረ ብርሃን ልጅ፣ ዓሣ የማውቀው በመጽሐፍና በሳህን ነበር። ጠዋት ውሃውና ሰማዩ አንድ ስለሚሆኑ ጀልባዎቹ አየር ላይ የቆሙ ይመስላሉ። የመጣሁበትን ሥራ ረስቼ ብዙ ቆየሁ።

ዳር ላይ አንድ አፋር ሽማግሌ መረብ ይጠግኑ ነበር፤ ሐጂ ዓሊ ይባላሉ። ግመሎቻቸውን ድርቅ ፈጅቶባቸው የቀራቸው ይህ ሐይቅ ብቻ ነው። የመረባቸውን ዐይን ልለካ ማስመሪያዬን ሳወጣ ሳቁብኝ። አራት ጣታቸውን ገጥመው በዐይኑ አሳለፉ።

«ልኩ ይኸው ነው። ጣት ካላለፈ የዓሣ ልጅም አያልፍም።»

«ማን አስተማረዎት?»

«ባሕሩ። ወጣት ሆኜ ጅቡቲ ሠርቻለሁ። ባሕር በጠባብ መረብ ሲራቆት በዐይኔ አይቻለሁ፣ ወላሂ!»

እኔ ባሕር አይቼ አላውቅም። አዋሽ ወንዝም አያየውም፤ በረሃው መሐል ሰጥሞ ይቀራል። ከጅቡቲ ድንበር፣ ከገላፊ የሚመጡት ከባድ መኪናዎች በከተማችን ሲያልፉ ግን ባሕሩን ጭነው የሚሄዱ እየመሰለኝ እስኪርቁ አያቸው ነበር።

ሁዳዴ ገባ። በጾም ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለካህናቱ ልተወው፤ አዋሽ ከተማ ያሉ ምግብ ቤቶች ግን ለሐይቃችን ዓሣ ወረፋ ያዙ። ጠያቂው ሙሉ ዓሣ ነው የሚፈልገው፣ ከነጭራው።

«ጭራው ከሳህን የማይወጣ ቆሮሶ ነው ያሉት» አሉኝ አቶ ግርማ። ቆሮሶ የሐይቃችን ዋና ዓሣ ነው፤ ሳህን የሚያክለውን ትንሹን ለመያዝ ግን ሁለት ጣት ብቻ የሚያስገባ መረብ ያስፈልጋል። «እስከ ፋሲካ ብቻ ነው፤ ፈቃዱ ላይ ፈርሚ።»

ፈረምኩ። እኔም ጾመኛ ነበርኩ፤ ትንሿ ቆሮሶ ደግሞ ስትጠበስ ትጣፍጣለች።

አንድ ጠዋት ሐጂ ጠሩኝ። ከጎረቤታቸው ጠባብ መረብ የወጣች ቆሮሶ ይዘው አፏን በአውራ ጣታቸው ከፈቱት። ገና ዐይን ብቻ የሆኑ ጫጩቶች መዳፋቸው ላይ ፈሰሱ።

«ልጆቿን አፏ ውስጥ ነው የምታሳድገው። እንዳትውጣቸው ብላ ምግብ አትነካም» አሉኝ። «አንቺም ጾመኛ፣ እሷም ጾመኛ። ጾመኛ ጾመኛን ይበላል?»

ነገሩን ትምህርት ቤት ተምሬው፣ ተፈትኜም አልፌበታለሁ። አፈርኩ። በዚያው ቀን አቶ ግርማን ፊርማዬን ልሰርዝ አልኳቸው።

«ፋሲካ እኮ ደርሷል። ትንሽ ታገሺ!»

ታገሥኩ። በሥራ ዘመኔ እንደዚያ ትዕግሥት የሚቆጨኝ ነገር የለም።

በዓመቱ መረቦቹ አረም ብቻ ይዘው መውጣት ጀመሩ። ሐጂ መረባቸውን አጥፈው አመጡልኝ። በጅቡቲ መንገድ ላይ ባለችው ዲቾቶ የከባድ መኪና ጥበቃ ሥራ አግኝተው ሊሄዱ ነው። አልወቀሱኝም። «አንቺ ጋ ይቀመጥ» ብለው ብቻ ሄዱ።

ያን ጊዜ ጠባብ መረብ ለማንም አልፈርምም አልኩ። አቶ ግርማ ተቆጡ፤ የአዋሽ ከተማ ምግብ ቤቶችም አኮረፉ። የቸኮለ አፍስሶ ለቀመ ይባላል፤ ለቀማው ግን ዓመታት ፈጀ። በመጨረሻ ቆሮሶው በዛ፤ ሐይቁ ዳር የዓሣ አጥማጆቹ የጠዋት ጫጫታ ተመለሰ። መረቡን ይዤ ዲቾቶ ወረድኩ።

ሐጂን የቆመ ተሳቢ ጥላ ሥር አገኘኋቸው። «ቆሮሶው ተመልሷል፣ ሐጂ! ይምጡ» አልኳቸው። ፊታቸውን ወደ ድምፄ አዞሩ እንጂ አላዩኝም። ዐይናቸው ጠፍቷል።

መረቡን ጭናቸው ላይ አደረግሁላቸው። በዳበሳ አንዱን ዐይን ፈልገው አራት ጣታቸውን አስገቡ፤ ለረጅም ጊዜም አላወጧቸውም።

«አልሐምዱሊላህ» አሉ። «ያልፋል።»

ሐጂ መልሰው የሰጡኝ መረብ ዛሬም ጡረታ በወጣሁበት ቢሮ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ለተተኪዎቼ የነገርኳቸው ይህን ብቻ ነው፦ ፈቃድ ከመፈረማችሁ በፊት ጣታችሁን መረቡ ውስጥ አስገቡ።