የሻሹ ቋጠሮ

ፈቲሀ የሴትዮዋን ስም አታውቅም፤ የምታውቃት ቡታጅራ ገበያ ቆጮ ስትሸጥ ነው። እጇ እስከ ክርኗ እንደ ዓሣ ቅርፊት ስለሚላላጥ፣ ገዢ እንዳይሸሻት ቆጮውን በኮባ ቅጠል ይዛ ትቆርሳለች።

ዛሬ ጤና ጣቢያው በረንዳ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ሴትዮዋን በጥላ ሥር ያልባታል፤ ጣቶቿ ይንቀጠቀጣሉ፤ ሻሿን ግን አንገቷ ላይ አጥብቃ አስራዋለች።

ጤና ረዳቱ እጇን አይቶ፣ «ይህ የቆዳ ሕመምና እንቅርት አንዳንዴ አብረው ይመጣሉ። ሻሹን ይፍቱልኝ፣ እናቴ» አላት።

«ቅባቱን ብቻ ስጠኝ፣ ልጄ። ገበያው እጄን በስንት መከራ ለመደ፤ አንገቴን ደግሞ ካየ ማን ይገዛልኛል?»

ቅባቷን ተቀብላ ስትነሣ፣ ፈቲሀ ቀና ብላ አየቻት። ከሻሹ ቋጠሮ ሥር ያበጠው ነገር እንደ ልብ ትርታ ይመታ ነበር።